አልነሳ ያለው ቤላሩስ፦ ሦስት ብልሽት በአንድ ሞተር ላይ

ለምን እንደጻፍኩት

የማይነሳ ሞተር ብርቅ አይደለም። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው በየዓመቱ ስንቱን ያያል። ይሄኛውን ግን መዝግቤ ላስቀምጠው ፈለግሁ። ትራክተሩ ላይ የነበረው አንድ ብልሽት አልነበረም፤ ሦስት ነበር። ሁለቱ ቀስ እያሉ በራሳቸው የመጡ ናቸው። ሦስተኛውን ያመጣነው እኛ ጠጋኞቹ ነን። "እኛ" ያልኩት አውቄ ነው። ለሦስተኛው ምክንያት የሆኑትን ብሎኖች የፈታሁት እኔ ባልሆንም፣ በኋላ ላይ የራሴን ስህተት ጨምሬበታለሁ።

የማንንም ስም አልጠቅስም። ቦታው አርሲ ነው፤ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ፣ ኢተያ አካባቢ። ጊዜው ግንቦት 2015 ዓ.ም.።

ትራክተሩ

ትራክተሩ ኤምቲዜድ 80 ነው፤ በእኛ አገር አጠራር "ቤላሩስ"። ሚንስክ ያለው ፋብሪካ ይህን ሞዴል ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ናዝሬት ላይ የትራክተር መገጣጠሚያ ሲቋቋም ይኸው ዘር በየመንግሥት እርሻው ተበተነ። የእኛዋም መጀመሪያ የመንግሥት እርሻ ንብረት ነበረች። በጨረታ ወጣች፤ ሁለት ሰው እጅ ገብታ ወጣች፤ አሁን ያሉት ባለቤት ሦስተኛው ናቸው።

ሞተሯ ዲ-240 ይባላል። አራት ሲሊንደር፣ 4.75 ሊትር፣ 80 የፈረስ ጉልበት። እንደ ቤንዚን ሞተር በብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን 16 እጥፍ አጭቆ ያግለዋል፤ ናፍታው የሚቀጣጠለው በዚያ ሙቀት ነው። ይህን በአእምሯችሁ ያዙልኝ። ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ይመለሳል። ሞተሩ እንዲነሳ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፦ በበቂ ፍጥነት መዞር፣ አየር የሌለበት ንጹሕ ናፍታ፣ ናፍታው በሰዓቱ መረጨት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቢጨነቁለትም አይነሳም።

ባለቤቱ በስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ ገበሬ ናቸው። የራሳቸውን መሬት ያርሱባታል፤ ከዚያ በላይ ግን የሚኖሩባት የጎረቤት መሬት በሄክታር ሒሳብ እያረሱ ነው። ግንቦት ለእሳቸው ወርቅ ነው። ስንዴው ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ይዘራል፤ መሬቱ ከዚያ በፊት መገልበጥ አለበት። ትራክተሩ አንድ ቀን ከቆመ ደንበኛው ሌላ ትራክተር ይጠራል። የሄደ ደንበኛ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመትም አይመለስም።

ስልኩ ሲደወል

"ሞተሩ ይዞራል፤ ግን አይነሳም" አሉኝ። ባትሪ ቀይረዋል። ኖዝል (ናፍታውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨውን) አሠርተዋል። ፖምፓ (ናፍታውን በኃይል ወደ ኖዝሉ የሚገፋውን) አሠርተዋል። ለፖምፓው ብቻ 38 ሺህ ብር ወጥቷል። አሥራ አንድ ቀን አልፏል።

ስልክ ላይ እያለሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋቸው፤ "ሲዞር ጭስ አለው?" አላወቁም። ዞር ብለው አንድ ሰው ጠየቁ። እሱም አላወቀም። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሲዞር የጭስ ማውጫውን ያየ ሰው አልነበረም ማለት ነው። በበነጋው ሄድኩ።

ከእኔ በፊት የተሠራው

ትራክተሩ ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ቆሞ ነበር። ከግራር ሥር፣ ጋኑ ሩብ ያህል ናፍታ ይዞ። ባትሪው ወጥቶ ቤት ውስጥ ለቴሌቪዥን ሲያገለግል ከርሟል። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ መልሰው ሲያስሩት ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ኤሌክትሪክ ሞተር) ሁለት ጊዜ አጉረመረመና ቆመ።

አዲስ ባትሪ ተገዛ። ሞተሩ መዞር ጀመረ፤ ግን አልነሳም። የጎረቤት ትራክተር መጥቶ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ጎተታቸው። አልነሳም። ከዚያ አንዱ ቤንዚን የነከረ ጨርቅ የአየር ማስገቢያው አፍ ላይ ያዘ። ሞተሩ በድንገት ተነሳ፤ አራት አምስት ሰከንድ ደነፋና ጠፋ።

ይህቺ አምስት ሰከንድ ለአሥራ አንዱ ቀን መንገድ ቀየሰች። ቤንዚን ናፍታ ሞተር ላይ ማሽተት መጥፎ ልማድ ነው። ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ ይፈነዳል፤ ሪንግ የሚሰብርበት፣ ፒስተን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ማንም እንዲያደርገው አልመክርም። ከተደረገ ወዲያ ግን መረጃ ሰጥቷል፦ ሞተሩ የሚቃጠል ነገር ካገኘ ይነሳል፤ እመቃው፣ ማለትም አየሩን አጭቆ የማጋል አቅሙ፣ አልሞተም። እዚህ ድረስ ያሰቡት ልክ ነው። ቀጥሎ ያሉት ግን "እንግዲያው ፖምፓው ነው" የሚል ነበር። ከጋኑ እስከ ፖምፓው ያለው መንገድ ሁሉ በአንድ ዝላይ ታለፈ። ቱቦው፣ ማጣሪያው፣ ናፍታውን ከጋኑ ስቦ ለፖምፓው የሚያቀብለው ማቀበያ፣ ማንም ዞር ብሎ አላየው።

ኖዝሎቹ ወደ አዳማ ተላኩ፤ አንዱ ያንጠባጥብ ነበርና ተቀየረ። ሞተሩ አልነሳም። ፖምፓው ተፈታ። እሱም ተሠርቶ መጣና ተገጠመ። አሁንም አልነሳም። ይባስ ብሎ ቤንዚኑም አቃተው። ባለቤቱ ይህን ሲነግሩኝ "ድሮ እንኳ በቤንዚን ይስቅልን ነበር" አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ወረቀቴ ላይ ጻፍኩት። ከፖምፓው ጥገና በፊት ያልነበረ፣ ከጥገናው በኋላ የመጣ ለውጥ ነው።

መጀመሪያ ያናገርኩት ልጅ

መሣሪያ ሳላወጣ ኦፕሬተሩን ፈለግሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ራቅ ብሎ ቆሟል። እስከዚያ ድረስ ማንም የጠየቀው የለም፤ "ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል" ነገር ነው።

"ከመቆሟ በፊት እንዴት ነበረች?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ታስቸግር ነበር" አለኝ። "ጋኑን ሞልቼ ካሳደርኳት ግን ቶሎ ትነሳለች። ጎደል ካለ ነው የምታለፋኝ።"

ይህችን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር የሚጠይቅ ጠፍቶ ነው 38 ሺህ ብር የወጣው።

ጋኑ ሲሞላ የሚነሳ፣ ሲጎድል የሚያስቸግር ሞተር አየር እየሳበ ነው። የቤላሩስ ጋኖች ከኋላ፣ ዝቅ ብለው ነው የተቀመጡት። ሙሉ ሲሆኑ ናፍታው በክብደቱ ወደ ፖምፓው ይገፋል። ሲጎድሉ ግን ማቀበያው ፓምፕ መሳብ አለበት። መሳብ ሲጀምር በየስንጥቁ አየር ይገባል።

ያኔውኑ ወደ ቱቦው መሄድ አማረኝ። ተውኩት። በቅደም ተከተል እንሂድ አልኩ፤ መጀመሪያ አዟዟሩ። ሞተሩ ሲዞር ጆሮዬ አልወደደውም። ይዞራል፣ ግን እንደ ደከመ ሰው ነው።

ኤሌክትሪኩ

የያዝኩት ተራ መልቲሜትር ነበር። ባትሪው ሳይሠራ 12.6 ቮልት አሳየ፤ ጤነኛ ነው። ልጁ ቁልፉን ሲይዝ ባትሪው ራሱ ላይ 10.8 ቮልት፣ ሞተሪኖው ላይ ግን 7.9 ቮልት ብቻ። በመንገድ ላይ ሦስት ቮልት ገደማ ጠፍቷል።

የት ጠፋ? ይህን ለማወቅ ገመድ መፍታት አያስፈልግም። ሜትሩን በገመዱ ሁለት ጫፍ ላይ ማድረግና ሞተሪኖውን ማዞር ነው። በፖዘቲቩ በኩል 0.6 ቮልት፤ ለአሮጌ ገመድ ይለፍ። ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ሞተሩ አካል ግን 2.3 ቮልት። ሌባው ተገኘ።

ምክንያቱ የሚያሳዝንም የሚያስቅም ነው። ይህ ትራክተር ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ታስረውለት ነበር። ከዓመታት በፊት በአንድ ባለ 12 ሲተኩ የድሮው የኔጋቲቭ ገመድ አጠረ። ያሰረው ሰው አልተጨነቀም፤ የካቢኑ ብረት ላይ አሰረው። ካቢኑ ደግሞ የተቀመጠው በጎማ ትራስ ላይ ነው። ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የሞተሪኖው ጉልበት ሁሉ በስስ የመብራት ሽቦና በዛገ ማጠፊያ እየተሽሎከለከ ነበር የሚመለሰው።

ወፍራም ገመድ ገዝተን ከባትሪው ቀጥታ ወደ ሞተሩ አካል፣ ከሞተሪኖው ብሎን አጠገብ፣ ቀለሙን ፍቀን አሰርነው። በኔጋቲቩ በኩል የሚጠፋው ወደ 0.2 ወረደ። ሞተሪኖው 9.4 ቮልት አገኘ። የአዟዟሩ ድምፅ ተለወጠ። ቆሞ የነበረው ሰው ሁሉ "ይኸው!" አለ።

አልነሳም።

ሰዎች አንድ ስህተት የሚሠሩት እዚህ ላይ ነው። "ገመዱ አልነበረም ማለት ነው" ይላሉ። ባለቤቱም አሉ። ነበር እንጂ! ቀስ ብሎ በሚዞር ሞተር ውስጥ የታመቀው አየር ሙቀቱን ለሲሊንደሩ ግድግዳ አስረክቦ ይቀዘቅዛል። አካባቢው ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ሳሳ ያለ፣ ጠዋቱ ብርድ። ገመዱ ባይስተካከል ኖሮ ሌላው ሁሉ ቢስተካከል እንኳ ጠዋት አትነሳም ነበር። አንድ ብልሽት ተጠግኖ ሞተሩ ካልተነሳ፣ ያ ብልሽት ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም። ተባባሪ አለው ማለት ሊሆን ይችላል።

ናፍታው

አሁን አንድ ሰው ጭስ ማውጫው ጋ ቆመ። ሞተሩ አሥራ አምስት ሰከንድ ዞረ። ከዚያ በላይ አላስዞርንም፤ ሞተሪኖው ሲግል ጠመዝማዛው ይቃጠላል፤ ትንሽ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ጭስ የለም። ምንም። ናፍታ ሲሊንደር ውስጥ እየደረሰ አይደለም።

ደቃቁ ማጣሪያ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ አድርገን በእጅ ማቀበያው ገፋን። ነጭ አረፋ ወጣ። ገፋን፣ ገፋን፤ አረፋው አልቆ ጥርት ያለ ናፍታ መጣ። ብሎኑን አጠበቅን። ሻይ ጠጥተን ተመለስን። ብሎኑን ስንከፍት እንደገና አረፋ።

ኖዝል ከመፍታት በፊት መሠራት የነበረበት ሙከራ ይኸው ነው፤ ዋጋውም ጥቂት ብር ነው። ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን በንጹሕ ናፍታ ሞላንና ካቢኑ ጣሪያ ላይ ሰቀልነው። ከጀሪካኑ እስከ ማቀበያው መግቢያ በሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ አገናኘን። የትራክተሩ ጋን፣ ቱቦውና የመጀመሪያው ማጣሪያ በሙሉ ከጨዋታ ውጪ ሆኑ። አየሩን አስወጣን። ከሰዓት በኋላ ከፍተን ስናይ አረፋ የለም። ስለዚህ አየሩ የሚገባው ከጋኑ እስከ ማቀበያው ባለው መንገድ ነው። ፖምፓው አይደለም።

መንገዱን በእጃችን ዳሰስነው። የጎማው ቱቦ በማጥበቂያው ሥር ዙሪያውን ተሰንጥቋል። የመጀመሪያው ማጣሪያ ጎማ እንደ ቀንድ ደርቋል። ከሁለቱም በኩል አንዲት ጠብታ ናፍታ አልፈሰሰም። ለዚህ ነው ማንም ያልጠረጠረው። ሰው የሚፈልገው እርጥብ ቦታ ነው። የሚስብ ቱቦ ግን ሲሰነጠቅ ናፍታ አያወጣም፤ አየር ያስገባል። ደረቅና ንጹሕ ሆኖ ይበድላችኋል።

ከዚያ የጋኑን አፍ አየሁ። ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል። ጥቁር ፌስታል ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ በከመንዳሪ ጎማ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ልጁ በሥራው ይኮራል፤ አቧራ አላስገባም። ግን ጋን መተንፈስ አለበት። ናፍታ ሲወጣ በቦታው አየር ካልገባ ውስጡ ያለው አየር ይሳሳል፤ ማቀበያው ከአቅሙ በላይ ይስባል፤ ስንጥቁ ደግሞ በደስታ አየር ይሰጠዋል። ፌስታሉ ብቻውን፣ ስንጥቁም ብቻውን ያን ያህል ላይጎዱ ይችሉ ነበር። ተጋገዙ።

የጋኑን መዝጊያ ከታች ስንከፍት አንድ ሊትር የሚሆን ዝገት መሳይ ውሃ ወጣ። ግማሽ ባዶ የሆነ ጋን ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡን ያልበዋል። ፌስታሉም ዝናቡን ሁሉ አልከለከለም ይሆናል። ያ ውሃ አዲስ ወደተሠራው ፖምፓ ሊገባ ተራ እየጠበቀ ነበር።

ጋኑን አጠብን። ቱቦውን ለናፍታ በተሠራ ጎማ ቀየርን። እዚህ ላይ ተከራክረናል፤ ሱቁ ያቀረበልን የራዲያተር የውሃ ጎማ ነበር፣ ዋጋውም ግማሽ። የውሃ ጎማ ናፍታ ሲነካው ያብጥና ይላላል። ሁለቱንም ማጣሪያዎች ቀየርን። አየሩን በደንብ አስወጣን። አሁን ሞተሪኖው ጠንካራ ነው፣ ናፍታው ጥርት ያለ ነው። ጀመርን።

ነጭ ጭስ። ብዙ፣ ዓይን የሚያቃጥል፣ ጥሬ ናፍታ የሚሸት። ሞተሩ አልፎ አልፎ "ፑፍ" ይላል። አይነሳም።

ሦስተኛው፦ የእኛው ሥራ

ነጭ ጭስ ጥሩ ዜና ነው። ናፍታ ገብቷል፤ ግን አልተቃጠለም። ወይ እመቃው ደክሟል፣ ወይ የሚረጭበት ሰዓት ተዛብቷል። የናፍታ እመቃ መለኪያ በእጄ አልነበረም። የቤንዚን ሞተር መለኪያ ደግሞ ይህን ጫና አይችለውም። ሆኖም ከጥገናው በፊት ቤንዚን ሲያሸቱት ይነሳ የነበረ ሞተር በአሥር ቀን ውስጥ እመቃው አይጠፋም። በመሀል የተነካው ፖምፓው ነው።

ከእኔ በፊት ፖምፓውን የፈታውን መካኒክ ጠየቅሁት። "ፖምፓውን ስትፈታ ከኋላው ያለውን ጥርስስ?" ዝም አለ። ከዚያ በግልጽ ነገረኝ፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ፖምፓው አልወጣ ሲለው፣ የፖምፓውን መያዣ ከጥርሱ ጋር የሚያስሩትን ሁለት ብሎኖችም ፈትቷል። ምልክት አላደረገም።

በዚህ ሞተር ላይ ፖምፓውን ለማውጣት እነዚያን ሁለት ብሎኖች መንካት አያስፈልግም። ፖምፓው በራሱ ጥርስ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚገባው፤ ካልተነካ ሰዓቱን ይዞ ይመለሳል። እነዚያ ብሎኖች ግን ብዙ ቀዳዳ አላቸው። የትኛው ቀዳዳ ላይ እንደታሰሩ ነው የመርጫውን ሰዓት የሚወስነው። በተሳሳተ ቀዳዳ ላይ ቢታሰሩም ሁሉም ነገር ይገጥማል፣ ይጠብቃል፣ ምንም አይነቃነቅም። ሰዓቱ ብቻ ተዛብቷል።

የዲ-240 ናፍታ መረጨት ያለበት ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ 26 ዲግሪ ሲቀረው ነው። ያንን ነጥብ ለማግኘት ፋብሪካው ብልህ ነገር ሠርቷል። ከሞተሩ በስተኋላ ሳህኑ ላይ አንድ ረጅም ብሎን አለ። ፈትተው ገልብጠው፣ ጥርስ በሌለው ጫፉ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ይከቱታል። ሞተሩን በእጅ እያዞሩ ሲገፉት፣ የመዘውሩ ቀዳዳ ሲደርስ ጥልቅ ይላል። ያ 26 ዲግሪ ነው። መለኪያ አያስፈልግም።

ብሎኑን ግን አጣሁት። የአርባ ዓመት ቅባትና ጭቃ ደፍኖታል። ለማየት ከመጡት መካከል አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ድሮ በመንግሥት እርሻ ጋራዥ ሠርተዋል። "ልጄ፣ ወዲያ በል" ብለው ቀረቡና በጣታቸው ጭቃውን ፋቁት። ብሎኑ እዚያው ነበር። መጽሐፉ በሩሲያኛ ስለነበር እንዳላነበቡት፣ ግን እጃቸው እንደሚያውቀው ነገሩኝ።

አንድ ወጥመድ አለ። ሞተሩ በአንድ ዑደት ሁለት ጊዜ ይዞራልና ብሎኑ ሁለት ጊዜ ይገባል። ትክክለኛው አንደኛው ሲሊንደር ሲያምቅ ያለው ነው። የሞተሩን የላይ ክዳን ከፍተን የአንደኛውን ሲሊንደር ቫልቮች አየን፤ ሁለቱም ዝግ፣ ላላ ያሉ። ልክ ነው።

ቀጥሎ ናፍታው መቼ እንደሚንቀሳቀስ ማየት ነበር። ለዚህ የመስታወት ቱቦ ያለው መሣሪያ አለ፤ እኛ አልነበረንም። ከጤና ጣቢያው በር አካባቢ ካለ ፋርማሲ የግሉኮስ ቱቦ ገዛን። ከአሮጌ የኖዝል ቧንቧ አንድ ቁራጭ ቆርጠን ቱቦውን ሰካንበትና በፖምፓው የመጀመሪያ መውጫ ላይ አሰርነው። ናፍታ እስኪሞላው አዞርን። ከዚያ ቀስ ብለን በቁልፍ እያዞርን በቱቦው ውስጥ ያለው ናፍታ የሚነቃነቅበትን ቅጽበት ጠበቅን። ብሎኑ ጥልቅ አለ፤ ናፍታው ገና ነው። ብሎኑን አውጥተን ማዞር ቀጠልን፤ አለፍ ብሎ ነው የተነቃነቀው። ፖምፓው ዘግይቷል፤ በጥቂት ሳይሆን በብዙ።

እኔ ያጠፋሁት

አሁን የራሴን ልናገር። ዘግይቷል ካልኩ በኋላ መያዣውን ሁለት ቀዳዳ አዞርኩ። በልበ ሙሉነት ነበር። ሁሉንም ገጣጠምን፣ አየር አስወጣን፣ ጀመርን። ጭሱ ባሰ። "ፑፍ" ማለቱንም ተወ። በተሳሳተ አቅጣጫ አዙሬዋለሁ።

ጥፋቱ አቅጣጫውን መሳት ብቻ አይደለም፤ እሱ በማንም ላይ ይደርሳል። ካዞርኩ በኋላ በግሉኮሱ ቱቦ እንደገና ሳልለካ መግጠሜ ነው። ሃያ ደቂቃ ለማትረፍ ብዬ ግማሽ ቀን አቃጠልኩ፤ ባትሪውንም ባዶ አደረግሁት። መካኒኩ ምንም አላለም። ማለት ይችል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እንደገና ፈታን። መጀመሪያ የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት ስላደረግሁበት ወደዚያ መመለስ ቻልን፤ ከዚያ በሌላው አቅጣጫ አንድ አንድ ቀዳዳ እያልን፣ በየመሀሉ እየለካን ሄድን። ናፍታው የተነቃነቀበት ቅጽበትና ብሎኑ ጥልቅ ያለበት ቅጽበት ገጠሙ። ገጠምን። አየር አስወጣን። ረፋዱ 4 ሰዓት አካባቢ ልጁ ቁልፉን ያዘ። ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር፤ ከዚያ ያ የቤላሩስ ኮሽታ። መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ ጭሱ ጠራ። ባለቤቱ ወደ ሞተሩ አላዩም። ወደ ልጁ ነበር የሚያዩት።

ለሌላ ማሽን የሚያገለግለው

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ሞተር ይዤ የሄድኩት ጥቂት ነገር ነው። የውሃ መሳቢያ ፓምፕም ይሁን የእህል ወፍጮ፣ ናፍታ ከሆነ ይሠራል።

ጭሱን ማየት ከሁሉም ይቀድማል። ሲዞር ጭስ ከሌለ ናፍታ አልደረሰም፤ ከጋኑ ጀምሮ ፈልጉ። ነጭ ጭስ ካለ ደርሷል፤ ሙቀቱን ወይም ሰዓቱን ፈልጉ። ይህች ብቻ የፍለጋውን ግማሽ ትቀንሳለች፤ አንድ ሳንቲም አታስወጣም።

የጀሪካኑን ሙከራ ከማንኛውም መፍታት በፊት አድርጉ። የኖዝልም የፖምፓም ሥራ ከዚያ በኋላ ነው። ፖምፓ ውስጡ ያለው ነገር በዓይን በማይታይ ልክ የተጣጣመ ነው፤ መንገድ ዳር የሚከፈት አይደለም። ካለ ምክንያት መፍታቱ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ሊወስድ እንደሚችል አይተናል።

የሚፈታ ነገር ላይ ሁሉ ምልክት ይደረግ። ጥፍር ቀለም ይበቃል። ከተቻለ በስልክ ፎቶ ማንሳት። መካኒኩ ያን ቀን አንድ ፎቶ ቢያነሳ ኖሮ ሦስተኛው ብልሽት አይኖርም ነበር። እኔን ያዳነኝም ያ የቀለም ነጥብ ነው።

ኖዝሉን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። አንዱ ኖዝል በእርግጥ ያንጠባጥብ ነበር፤ መቀየሩ አልከፋም። ግን ከአራት አንዱ ማንጠባጠቡ ሞተር እንዳይነሳ አያደርግም። ያረጀ ማሽን ላይ የትም ብትነኩ የተበላሸ ነገር ታገኛላችሁ። ያገኛችሁት ብልሽት የምትፈልጉት ብልሽት መሆኑን የምታውቁት ከምልክቱ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። የሚያንጠባጥብ ኖዝል "ጋን ሲጎድል አልነሳም" አይልም።

ከዚያ ወዲህ

በዚያ ሰኔ ስደውል ታርስ ነበር። ከአሥራ ምናምን ደንበኛ ሁለቱ ብቻ ሄደዋል። መስከረም ላይ በዚያው ሳልፍ ጎራ አልኩ። ጠዋት ብርድ ሲሆን አሁንም ትንሽ ታንገራግራለች፤ ስትነሳም ሰማያዊ ጭስ አላት። ያ እኛ ያዳንነው በሽታ አይደለም። ሪንጉ አርጅቷል፤ ዘይት እየበላች ነው። ባለቤቱ ከአጨዳ በኋላ እንደሚያስከፍቷት ነገሩኝ። ከመክፈታቸው በፊት እመቃው በመለኪያ እንዲታይ አደራ ብያለሁ።

የጋኑን ክዳን አልገዙም። ያን ቀን ከቆርቆሮ የሠራንላት ክዳን ነው ያለው፤ መሀሉ በምስማር የተበሳ፣ ቀዳዳው ላይ አቧራ እንዳይገባ ቁራጭ ስፖንጅ የታሰረበት። ስፖንጁን ልጁ በየሳምንቱ ፈትቶ ያጥበዋል። ቀዳዳውን ደግሞ በስፒል ይወጋዋል።